የጅቡቲ ወደብ በቀይ ባሕር ላይ አይደለም፤ ስለ ባሕሮችና ውቅያኖሶች ወሰን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በየመን አካባቢ የንግድ መርከቦች መጠቃት ከጀመሩ ወዲህ፣ በሌላ በኩልም የባሕር በር ጉዳይ የየዕለቱ መነጋገሪያ ከሆነ ወዲህ፣ ስለ አካባቢያችን ባሕሮች ብዙ ይጻፋል። መጻፉ መልካም ነው። ያሳሰበን የቦታ ስሞች አንዱ በሌላው ፈንታ መግባታቸው ነው። የጅቡቲ ወደብ “የቀይ ባሕር ወደብ” ይባላል። በርበራ አንዴ ከቀይ ባሕር፣ አንዴ ከሕንድ ውቅያኖስ ትመደባለች። ሶቆጥራ ደግሞ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ደሴት ተብላ ትጠራለች። በዓለም አቀፉ ወሰን መሠረት አንዱም ልክ አይደለም። ጂኦግራፊ የምናስተምር እንደ መሆናችን ወሰኖቹ የት እንደሚያልፉ፣ ማን እንዳሰመራቸው፣ አንድ ዘጋቢ ወይም አርታኢ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት እንዴት ሊያረጋግጣቸው እንደሚችል ለመጻፍ ተነሥተናል።

ሁሉም የሚጠቅሰው ሰነድ “የውቅያኖሶችና የባሕሮች ወሰኖች” የተሰኘው ነው፤ በአጭሩ ኤስ-23 ይባላል። ያወጣው መቀመጫው ሞናኮ የሆነው ዓለም አቀፉ የሃይድሮግራፊ ድርጅት ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1921 በቢሮ ደረጃ የተቋቋመ ሲሆን አባል አገሮች የባሕር ጥልቀት የሚለኩበትንና የባሕር ካርታ የሚያዘጋጁበትን መንገድ ያስተባብራል። ሰነዱ በ1928፣ በ1937 እና በ1953 ታትሟል። አባል አገሮች ያጸደቁት የመጨረሻ እትም ዛሬም የ1953ቱ ነው። እያንዳንዱ ባሕር ቁጥር ተሰጥቶት በሰሜን፣ በደቡብ፣ በምሥራቅና በምዕራብ የት ላይ እንደሚያበቃ በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ተጽፏል።

ቀይ ባሕር ቁጥር 37 ነው። በሰሜን በኩል የስዊዝና የአቃባ ባሕረ ሰላጤዎች የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ቀይ ባሕር የሚጀምረው እነርሱ ከሚያበቁበት ነው። የስዊዝ ቦይም የሚወጣው ወደ ስዊዝ ባሕረ ሰላጤ እንጂ በቀጥታ ወደ ቀይ ባሕር አይደለም። በደቡብ በኩል ወሰኑ አንዲት አጭር ቀጥታ መስመር ናት። በአፍሪካ ወገን ከራስ ሲያን (12 ዲግሪ ከ29 ደቂቃ ሰሜን፣ 43 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ምሥራቅ) ተነሥታ በየመን ወገን ሑስን ሙራድ ላይ (12 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ሰሜን፣ 43 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ምሥራቅ) ታርፋለች። ርዝመቷ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመስመሯ በሰሜን ያለው ውኃ ቀይ ባሕር፣ በደቡብ ያለው የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው።

ራስ ሲያን ያለው በጅቡቲ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ጅቡቲ እንደ አገር የቀይ ባሕር ዳርቻ አላት፤ ነገር ግን ይህ ዳርቻ ከራስ ሲያን እስከ ኤርትራ ድንበር፣ እስከ ራስ ዱሜራ ድረስ ብቻ ነው፤ በቀጥታ ሲለካ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ወደቡ ያለበት የጅቡቲ ከተማ በ11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን ላይ ትገኛለች፤ ከመስመሯ የደቡብ ጫፍ እንኳ ከ95 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ትርቃለች። ወደቡ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው፤ ታጁራ ደግሞ የሚከፈተው ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። አሰብ (13 ዲግሪ ሰሜን ላይ) እና ምጽዋ ግን ያለ ጥርጥር በቀይ ባሕር ላይ ናቸው።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሻንጋይ ወይም ከሙምባይ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚገባ መርከብ በዓረብ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ይመጣል፤ ባብ ኤል መንደብን፣ ማለትም መስመሯ የምታልፍበትን ጠባብ ወሽመጥ፣ አያቋርጥም። ከአውሮፓ በስዊዝ በኩል የሚመጣው ግን ቀይ ባሕርን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ በባብ ኤል መንደብ ማለፍ አለበት። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ “የቀይ ባሕር መስመር ተስተጓጎለ” የሚል ዜና ለማዳበሪያ፣ ለነዳጅና ለኮንቴይነር ጭነት ያለው ትርጉም ጭነቱ እንደሚመጣበት አቅጣጫ ይለያያል። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ደኅና ነበር ለማለት ግን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 2024 “ትሩ ኮንፊደንስ” የተባለችው መርከብ ተመታ ሦስት መርከበኞች የሞቱት በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው። አደጋው የደረሰበት ውኃ በትክክለኛ ስሙ ካልተጠራ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ አንባቢ ሊያውቅ አይችልም።

ወደ ምሥራቅ እንሂድ። የኤደን ባሕረ ሰላጤ (ቁጥር 38) የሚያበቃው በጓርዳፉይ ወይም ራስ አሲር በተባለው የሶማሊያ ጫፍ ላይ በሚያልፈው ኬንትሮስ፣ በ51 ዲግሪ ከ16 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ነው። ከዚያ መስመር ወዲያ የዓረብ ባሕር (ቁጥር 39) ይጀምራል። በርበራ በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ስለሆነች በኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በደንብ ገብታ ትገኛለች፤ ቦሳሶም እንዲሁ። ሶቆጥራ ግን ከ53 ዲግሪ ምሥራቅ ወዲያ ስለሆነች በዓረብ ባሕር ውስጥ ናት። የዓረብ ባሕር ደቡባዊ ወሰን ደግሞ ከራስ ሐፉን (10 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ሰሜን)፣ ማለትም የአፍሪካ ዋና ምድር ወደ ምሥራቅ እጅግ ከሚርቅበት ጫፍ ተነሥቶ በማልዲቭስ ደቡብ እስካለው አዱ አቶል ድረስ የሚዘረጋ ረጅም መስመር ነው። ከዚያ በታች ያለው፣ የሞቃዲሾና የኪስማዮ ውኃ፣ ቁጥር 45 የሆነው ሕንድ ውቅያኖስ ነው።

ብዙ ጸሐፊ የሚደናገርበት አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ኤስ-23 ውቅያኖስን የሚለካው በዙሪያው ያሉትን ባሕሮች ቀንሶ ነው። በሰነዱ ጥብቅ አነጋገር የዓረብ ባሕርም ሆነ የኤደን ባሕረ ሰላጤ “ሕንድ ውቅያኖስ” አይባሉም። በሰፊው አነጋገር ግን ሁሉም የሕንድ ውቅያኖስ አካል ተደርገው ይቆጠራሉ፤ በዚህ አነጋገር ቀይ ባሕርን ሳይቀር የሚጨምሩ አሉ። ሁለቱም አጠቃቀሞች ያሉ ናቸው፤ ስሕተቱ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል ነው። የውቅያኖስ ስፋት ከተለያዩ መጻሕፍት ሲጠቀስ አኃዞቹ በሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚለያዩት ባብዛኛው ለኪው ስለተሳሳተ አይደለም፤ አንዱ ባሕሮቹን ስለጨመረ፣ ሌላው ስለቀነሰ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመርከብ አደጋ ዜና ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የቦታ አኃዝ አብሮ ይመጣል። ቦታውን ለመለየት መጀመሪያ ኬንትሮሱን፣ ቀጥሎ ኬክሮሱን ማየት ያስፈልጋል፤ ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው። ኬክሮሱን ብቻ አይቶ “ከ12 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ በላይ ስለሆነ ቀይ ባሕር ነው” ያለ ሰው ይሳሳታል። የኤደን ከተማ ራሷ በ12 ዲግሪ ከ47 ደቂቃ ላይ ናት፤ ከወሽመጡ ይልቅ ወደ ሰሜን ትገኛለች። ስለዚህ ኬንትሮሱ ከ43 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ በልጦ ነጥቡ በየመን ደቡባዊ ዳርቻ ፊት ለፊት ከሆነ ኬክሮሱ ምንም ቢሆን የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ይህ እስከ 51 ዲግሪ ከ16 ደቂቃ ድረስ ይሠራል። ከ43 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ በምዕራብ ሲሆን ደግሞ ከ12 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ በሰሜን ያለው ቀይ ባሕር፣ ከ12 ዲግሪ ከ29 ደቂቃ በደቡብ ያለው የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። በሁለቱ ኬክሮሶች መካከል ሲወድቅ መስመሯን በካርታ ላይ አስምሮ ማየት ግድ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ “በባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ” ብሎ መጻፍ ከሁሉ ይሻላል፤ እውነትም ነው፤ አንባቢንም አያሳስትም።

ተደጋግሞ የሚያጋጥም ሌላ ስሕተት የአኃዝ አጻጻፍ ነው። 12 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ማለት 12.40 ዲግሪ ማለት አይደለም። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 40 ደቂቃ 0.667 ዲግሪ ነው፤ ትክክለኛው አጻጻፍ 12.667 ይሆናል። 12.40 ዲግሪ ደግሞ ወደ ደቂቃ ሲመለስ 12 ዲግሪ ከ24 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ 16 ደቂቃ፣ በመሬት ላይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሌላ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ብዙ ላይመስል ይችላል፤ ባብ ኤል መንደብ ላይ ግን መርከቧን ከቀይ ባሕር አውጥቶ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ይጥላታል። አብዛኛው የስልክና የኮምፒዩተር ካርታ ቦታን በዲግሪ ክፍልፋይ ስለሚያሳይ፣ የባሕር ኃይሎችና የመርከብ ማስጠንቀቂያዎች ደግሞ በዲግሪና በደቂቃ ስለሚጽፉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ስሌቱን መሥራት ያስፈልጋል። በኬክሮስ ላይ አንድ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር ያህል መሆኑን ማስታወስ ሥራውን ያቀልላል። ማይል ተብሎ የተጻፈው የባሕር ማይል ይሁን የየብስ ማይል መለየትም አለበት፤ የየብሱ 1,609 ሜትር ነው።

የትክክለኛነት ደረጃውም መታወቅ አለበት። የኤስ-23 አኃዞች እስከ ደቂቃ ድረስ ብቻ የተጻፉ ስለሆኑ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ግምት ውስጥ ናቸው። ወሰኑን የሚይዘው በስም የተጠራው የመሬት ጫፍ ነው፤ በቅንፍ የተቀመጠው አኃዝ ጫፉን ለማግኘት ይረዳል። በሜትር ደረጃ “መርከቧ ከወሰኑ ወዲህ ናት፣ ወዲያ ናት” ብሎ መከራከር ሰነዱ የማይሸከመውን መጫን ነው። ረጅም መስመር ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ከራስ ሐፉን እስከ አዱ አቶል ያለው መስመር 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በተለመደው የባሕር ካርታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረው ቀጥታ መስመርና በሉላዊቷ ምድር ላይ አጭሩ መንገድ አንድ አይደሉም፤ አስልተን እንዳየነው በመካከላቸው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። በ27 ኪሎ ሜትሯ የባብ ኤል መንደብ መስመር ላይ ግን ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም።

እነዚህ መስመሮች ምን እንዳልሆኑ መናገርም ይገባል፤ በባሕር በር ክርክር ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ቦታቸው ሲጠቀሱ እናያለንና። ኤስ-23 ራሱ በመግቢያው ወሰኖቹ ምንም ዓይነት ፖለቲካዊ ትርጉም እንደሌላቸው ይናገራል። የተዘጋጁት የየአገሩ የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤቶች የመርከብ ጉዞ መምሪያዎችንና ለመርከበኞች የሚወጡ ማስታወቂያዎችን በየባሕሩ ለመደልደል እንዲመቻቸው ነው። ማን የት ዓሣ ያጠምዳል፣ ማን ነዳጅ ያወጣል፣ የማን ግዛት ነው የሚለውን የሚወስነው እ.ኤ.አ. የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት ነው፤ ከባሕር ዳርቻ 12 የባሕር ማይል የግዛት ባሕር፣ እስከ 200 የባሕር ማይል ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና። ይህ ስምምነት ውቅያኖስ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አንድም ቦታ አይደነግግም። ኤርትራና የመን በሐኒሽ ደሴቶች ሲካሰሱ የግልግል ዳኞች እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ደሴቶቹ ባለቤትነት፣ በ1999 ስለ ባሕር ወሰኑ ሲወስኑ የሠሩት በታሪክ ማስረጃና በሁለቱ ዳርቻዎች እኩሌታ ርቀት ነው። ሶማሊያና ኬንያም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2021 ከዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የተቀበሉት መስመር ከስም ወሰን ጋር አይገናኝም።

ተፈጥሮስ ምን ትላለች? ቀይ ባሕር የሚለየው በመስመሯ ላይ ሳይሆን ወደ ሰሜን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ ነው። እዚያ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ የባሕሩ ወለል እንደ በር ደፍ ከፍ ይልና ጥልቀቱ 137 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ በስተሰሜን ያለው የባሕሩ ሸለቆ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ወደ ቀይ ባሕር የሚገባ ወንዝ የለም ማለት ይቻላል፤ በዓመት ሁለት ሜትር ያህል ውኃ ይተናል። በዚህ ምክንያት በሰሜን ጫፍ የጨውነቱ መጠን በአንድ ኪሎ ውኃ 40 ግራም ይደርሳል፤ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ገጽ ላይ ያለው 36 ገደማ ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የብርድ ወራት ቀለል ያለው የኤደን ውኃ በላይ በላዩ ይገባል፤ ጨዋማውና ከባዱ በደፉ ላይ ተሻግሮ በታች ይወጣል። በሙቀቱ ወራት ነፋሱ ስለሚገለበጥ የላዩ ውኃ ወደ ውጭ ይገፋል፤ በመካከል ቀዝቃዛ ውኃ ይገባል፤ ከሥር ቀጭን ጨዋማ ጅረት መውጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የባሕር ሳይንስ ባለሙያ “የቀይ ባሕር ውኃ” ሲል በኤደን ባሕረ ሰላጤ ጥልቀት ውስጥ፣ ከመስመሯ ብዙ ርቆ ያለውንም ሊሆን ይችላል። ካርታ ሠሪው ግን በደፉ ፋንታ የመሬት ጫፎችን መርጧል፤ ደፉ ከመርከብ ላይ አይታይም። ራስ ሲያን ግን ይታያል።

በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ያለው ነገር ይህንኑ ጎላ አድርጎ ያሳያል። አትላንቲክና ሕንድ ውቅያኖስ የሚለያዩት በኬፕ አጉላስ በኩል በ20 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ መስመሩ ከዚያ ቀጥ ብሎ እስከ አንታርክቲካ ይወርዳል። ጎብኚዎች “ሁለቱ ውቅያኖሶች የሚገናኙበት” ተብለው የሚወሰዱበት በኬፕ ታውን አጠገብ ያለው ኬፕ ፖይንት ከዚያ ወደ ምዕራብ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በኤስ-23 መሠረት ሙሉ በሙሉ አትላንቲክ ውስጥ ነው። በውኃው በራሱ ከተሄደ ሞቃቱ የአጉላስ ጅረት በምሥራቅ ዳርቻ ወርዶ ከአህጉሩ ጫፍ ወዲያ ወደ ኋላ ይታጠፋል። የሚታጠፍበት ቦታ ግን ይለዋወጣል፤ አንዳንዴም ግዙፍ የሞቀ ውኃ ክበቦች ከእርሱ ተቆርጠው ወደ አትላንቲክ ይሄዳሉ። እንዲህ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ወሰን ማስመር አይቻልም፤ ኬንትሮስ ግን ቦታውን አይለቅም።

ሆኖም ሁሉም 20 ዲግሪን አይጠቀምም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ የዓሣ ምርት የሚቆጥርባቸው ክልሎች አሉት። ደቡብ ምሥራቅ አትላንቲክ ክልል 47፣ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ክልል 51 ይባላሉ፤ የሁለቱ ድንበር በ30 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ፖርት ኤልዛቤት የነበረችው፣ አሁን ግኬበርሃ የተባለችው የደቡብ አፍሪካ ከተማ በ25 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ላይ ትገኛለች። በፊቷ የተጠመደ ዓሣ በባሕር ካርታ የሕንድ ውቅያኖስ፣ በፋኦ መዝገብ የአትላንቲክ ነው። ክልል 51 ደግሞ ቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን ስለሚጨምር የምጽዋም የበርበራም ዓሣ “ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ” ተብሎ ይደመራል። ስለ ዓሣ ምርት የሚጽፍ ጋዜጠኛ ይህን ካላወቀ የማይነጻጸሩ አኃዞችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል።

በማኅበራዊ ሚዲያ ስለሚዘዋወረው “ሁለት ውቅያኖሶች ተገናኝተው የማይቀላቀሉበት” ምስልም አንድ ቃል እንበል፤ በአማርኛ ገጾች ላይ ደጋግሞ ይታያልና። ከምስሎቹ ታዋቂዎቹ የተነሡት በአላስካ ባሕረ ሰላጤ ሲሆን እርሱ ሙሉ በሙሉ ፓስፊክ ውስጥ ነው። የሚታየው የቀለም ልዩነት ከበረዶ ግግር የሚወርዱ ወንዞች የሚያመጡት ደቃቅ ደለል ከጠራው የባሕር ውኃ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። ጠርዙ ይንቀሳቀሳል፤ ቆይቶም ይቀላቀላል። ውቅያኖሶችን የሚለይ ግድግዳ የለም።

ደቡባዊው ውቅያኖስ ከሁሉም የከበደ ጉዳይ ነው፤ በሰሜን በኩል የሚይዘው መሬት ስለሌለው። በ1937ቱ እትም ነበረ። በ1953ቱ ወጣ፤ ምክንያቱም ሰሜናዊ ወሰኑ ከወቅት ወቅት ስለሚለዋወጥ ለማስመር አስቸጋሪ ነው፣ ውቅያኖስ ተብሎ ለመጠራትም በቂ ምክንያት የለም የሚለው አስተያየት በማመዘኑ ነው። በዚህ የተነሣ በዚያ እትም አትላንቲክ፣ ሕንድና ፓስፊክ ሁሉም እስከ አንታርክቲካ በረዶ ድረስ ይዘልቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ድርጅቱ አባላቱን እንደገና ጠየቀ። ከ68ቱ መልስ የሰጡት 28 ነበሩ፤ ከአርጀንቲና በቀር ሁሉም ውቅያኖሱ እንዲመለስ ተስማሙ፤ ወሰኑም 60 ዲግሪ ደቡብ እንዲሆን ሐሳቡ አመዘነ። የተዘጋጀው አዲስ እትም ግን እስካሁን አልጸደቀም። አውስትራሊያ ውቅያኖሱ ከራሷ ደቡባዊ ዳርቻ ይጀምራል የሚል አቋም አላት። የአንታርክቲካ ውል 60 ዲግሪን ይጠቀማል። በዚያ ባሕር ያለውን ሕይወት ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1980 የተፈረመው ስምምነት ደግሞ ቀዝቃዛው ውኃ ከሞቃቱ በታች የሚጠልቅበትን ቀበቶ ለመከተል ሲል ከ45 እስከ 60 ዲግሪ እየተሰበረ የሚሄድ ደረጃ መሰል መስመር አለው። ሦስቱም ለየሥራቸው ልክ ናቸው። በትምህርት ቤት “ውቅያኖሶች አራት ናቸው ወይስ አምስት?” ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በየትኛው ሰነድ መሠረት እንደሆነ የማይነግር መጽሐፍ ተማሪውን ይበድላል።

የ1953ቱ እትም ለምን ከ70 ዓመት በላይ ሳይታደስ ቆየ? ዋናው እንቅፋት የወሰን ጉዳይ አልነበረም፤ በኮሪያና በጃፓን መካከል ያለው ባሕር ስም ነው። ጃፓን “የጃፓን ባሕር” ትላለች፤ ኮሪያውያን “ምሥራቅ ባሕር” እንዲባል ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 አባል አገሮች የተስማሙበት መውጫ ኤስ-130 የተባለ አዲስ ዲጂታል የመረጃ ስብስብ ነው፤ በእርሱ ውስጥ እያንዳንዱ የባሕር ክልል የሚለየው በስም ሳይሆን በቁጥር ይሆናል።

የስም መስመርና የግዛት መስመር የተገናኙበት አንድ ቦታ አለ፤ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ። አትላንቲክና ፓስፊክ የሚለያዩት በኬፕ ሆርን ኬንትሮስ፣ በ67 ዲግሪ ከ16 ደቂቃ ምዕራብ ነው። አርጀንቲና “የአትላንቲኩ የእኔ፣ የፓስፊኩ የቺሊ” የሚል መርሕ ይዛ ስትከራከር ኖራለች፤ በቢግል ሰርጥ ደሴቶች የተነሣ ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1978 ወደ ጦርነት አፋፍ ደረሱ። ቫቲካን አስታርቃቸው በ1984 በፈረሙት ውል የባሕር ድንበራቸው የመጨረሻ ክፍል በዚሁ ኬንትሮስ ላይ ወደ ደቡብ ወርዶ በ58 ዲግሪ ከ21 ደቂቃ ላይ እንዲቆም አደረጉ። እዚያም ቢሆን መስመሩን ሕግ ያደረገው ውሉ ነው፤ ኤስ-23 አይደለም።

ወደ አካባቢያችን ተመልሰን አንድ ሌላ መስመር እንጨምር፤ ለኪስ የሚቀርበው እርሱ ነውና። የለንደን የመርከብ መድን ሰጪዎች የጋራ የጦርነት ኮሚቴ ለአደጋ የተጋለጡ ብሎ የሚመዘግባቸው የባሕር ክልሎች አሉት፤ በእነዚህ ውስጥ የሚያልፍ መርከብ አስቀድሞ ማሳወቅና አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ መክፈል ይኖርበታል። የደቡብ ቀይ ባሕር ክልል ሰሜናዊ ጠርዝ 15 ዲግሪ ሰሜን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ወደ 18 ዲግሪ ከፍ ተደረገ። ምጽዋ በ15 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ላይ ናት፤ ከአሮጌው መስመር በሰሜን፣ ከአዲሱ በደቡብ ትውላለች። የመድን ዋጋን የሚነካው ይህ መስመር እንጂ የራስ ሲያኑ አይደለም። “ቀይ ባሕር” ከሚለው ስም ብቻ ተነሥቶ የጭነት ዋጋ መተንበይ የማይቻለውም ለዚህ ነው።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። የመርከብ አደጋ ዜና ሲወጣ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ በዲግሪና በደቂቃ አብሮ ይታተም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2024 በባብ ኤል መንደብ አካባቢ ተመትታ ማርች 2 ቀን በደቡብ ቀይ ባሕር የሰጠመችው “ሩቢማር” በአንዱ ዜና “በቀይ ባሕር”፣ በሌላው “በኤደን ባሕረ ሰላጤ” ተመታች ተብላለች። አኃዙ ቢታተም ኖሮ አንባቢው ራሱ ባየው ነበር። አካባቢውን በጅምላ ለመጥራት ሲፈለግ “ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ” ተብሎ ይጻፍ፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ሪያድ ላይ የተቋቋመው የስምንቱ ዓረብና አፍሪካ አገሮች ምክር ቤትም በስሙ ውስጥ ሁለቱን ለይቶ ነው የጠራቸው። የውቅያኖስ ስፋት ወይም የዓሣ ምርት ሲጠቀስ የማን ወሰን እንደሆነ በአንድ ሐረግ ይገለጽ። ለግራፊክስ ክፍሉም፦ የአካባቢው መነሻ ካርታ ላይ ሦስት መስመሮች ይጨመሩ፤ ከራስ ሲያን ሑስን ሙራድ፣ የ51 ዲግሪ ከ16 ደቂቃ ኬንትሮስ ከራስ አሲር ወደ ሰሜን እስከ የመን ዳርቻ፣ ከራስ ሐፉን ወደ አዱ አቶል። የግዛት ድንበር እንዳይመስሉ ከአገር ድንበሮች በተለየ ቀለም፣ በነጠብጣብ ይሠመሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጂኦግራፊ መምህራን
አዲስ አበባ